ከፎጣ በታች

ሰኞ፣ ባቲ ገበያ፣ ከግመል ተራው ጥግ፣
ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ እንዲህ ነው የኛ ወግ፦
እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ፎጣ ጣል አድርገን፣
በጨለማ እንደራደራለን፣ ፊታችንን ዘግተን።
አንዷ ጣት ዐሥር ሺህ፣ አንጓዋ ግማሹን፤
ሠላሳ ዓመት በላሁ የጣቴን ምላሹን።

የድሮው ነቀርሳ ድኖ ሲሄድ ከኔ
ዋሻ ትቶ ኖሯል በቀኝ በኩል ጎኔ።
ሻጋታ በቀለ፤ ዋሻ ባዶ አይወድም፤
ስስል መሐረቤ ላይ ይታይ ጀመር ደም።

ደሴ ወጣሁ። ክኒን ሰጡኝ፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣
ከምግብ አንድ ሰዓት ተለይቶ የሚወሰድ።
ሦስት ክረምት ዋጥኩ። ሳሉም ደሙም ቆመ።
ፀሐይ ግን አኮረፈች፤ ቆዳዬ ታመመ።
እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ጠቁሬ፣
የማታውቀኝ ይመስል ትገርፈኛለች ዛሬ።
ከሱቁ እስከ በረቱ ሃምሳ እርምጃ መንገድ፣
ጆሮዬ ተልጦ፣ ግንባሬ ሲነድ።

ጃንጥላ ዘረጋሁ። አንድ የአፋር ነጋዴ
«ይማም፣» አለኝ ስቆ፣ «ዝናብ ቀጠረህ እንዴ?»

ያልዘራሁት ምስር ከእጄ ጀርባ በቀለ።
ፋቅሁት፤ ደማ፤ ሲነጋ እዚያው አለ።
አንድ ሰኞ ከፎጣው ስር የገዢዬ ጣት
ከዋጋው ላይ ወርዳ ምስሯን አገኘቻት።
«ይቺ ሂሳብ አይደለችም፣» አለ በለሆሳስ፣
«ግመሉ የትም አይሄድ፤ አንተ ደሴ ድረስ።»

«ነቀርሳ» ስትለኝ ዶክተር ነኢማ፣
«እሱማ ድኗል» አልኩ፣ የሳንባው መስሎኝማ።
ስሙ ያው ነው ለካ፤ ቤቱን ነው የቀየረ።
«ሳንባህን ያዳነው ክኒን ከፀሐይ ጋር መከረ፤
ዓመት በዓመት ላይ ቆዳህን ሰረሰረ።»

ሳቅሁ።
ሥራውን አወቅሁት።
ደላላ ነው ክኒኑም፤ ሳንባዬን ሲገዛልኝ
ቆዳዬን ከፎጣ ስር ለፀሐይ ሸጠብኝ።

በጊዜ ነው ብላ ቆርጣ አወጣችልኝ፣
ክኒኑን በሌላ ክኒን ለወጠችልኝ፣
ስድስት ስፌት፣ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣
በየሦስት ወሩ ቀጠሮ የማይሰረዝ።

አሁን ግመል የማየው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ በባትሪ።
ጀንበር ብቅ ስትል ከዳሱ ስር ነኝ፣ ተቀባሪ።
እሁድ ማታ ደግሞ ልጄ አንሻ ባትሪውን ትነጥቀኛለች፤
ጆሮዬን፣ አንገቴን፣ የእጄን ጀርባ፣ ግመል እንደሚገዛ ሰው ታገላብጣለች።
«ይቺስ?»
«የቆየች ናት።»
«ይቺስ፣ አባ?»

ዝም።
ዋጋ በአፍ አይጠራም።