ቀላል የለም

ከከፊራ ወረድ ብሎ፣ ከባጃጆቹ ተራ ጀርባ፣
ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳንቲም ሳንቲም አክላ የምትገባ፣
አራት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ዱካ፣ የሚያቃስት ቬንትሌተር፣
ልጁ ሁሉ በአስር ብር ሲሞት የሚያመሽበት ሰፈር፤
የኔ ቤት ነው።

ጨዋታው ሲከፈት ይጠይቃል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ።
እኛ ጋ ጥያቄ የለም፤ የሚኬደው በአንድ መንገድ።
በሩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ፣ በራሴ እጅ፦
«እዚህ ቤት ቀላል የለም።» «ቀላል»ን የመረጠ ልጅ
ስም ይወጣለታል፤ ስሙ ሳቢያን ድረስ ይቀድመዋል።
ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ እንኳ ባለሱቁ «ቀላል መጣ» ይለዋል።

ለመሻገር ድልድዩ ላይ ያለውን ብረት ለባሽ ዘበኛ
መጣል አለብህ። ሦስት ምት፤ አንድ ትንፋሽ፤ ከዚያ ዳግመኛ።
የጣሉት ሰዎች ስም በከሰል ግድግዳው ላይ ሰፍሯል፤
አስራ አንድ ነን። የኔው ከሁሉም በላይ ተጽፏል።

ረምዚ የመጣው ሐሙስ ነው፣ ከገንደ ቆሬ በእግሩ።
ቀኝ እጁ ከውልደቱ ጀምሮ ለብቻው ነው ነገሩ፤
ይንቀጠቀጣል፣ ይዘገያል፣ ሲያዙት ሌላ ቦታ ያያል።
ከፈለ። ተቀመጠ። ስልሳ ጊዜ ሞተ።
ስልሳ ሞት ለኛ ብርቅ አይደለም፤
የሱ ግን እንደኛ አልነበረም።
እኛን የሚገድለን ዘበኛው ነው፤
እሱን የሚገድለው ከዓይኑ እስከ አውራ ጣቱ ያለው መንገድ ነው።

«ምቱን አየዋለሁ» አለ፣ «ማምለጫውንም አውቃለሁ፤
እጄ ግን በባቡር ነው የሚመጣው።»
«በየትኛው?» አለው አንዋር።
«በድሮው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።
«ቀላል አርጉልኝ አላልኩም፤
ትንሽ ጠብቁኝ ነው ያልኩት።»

አንዋር ተነሳ፦ «ስማችንስ? ጣታችን ላይ የተላጠው ቆዳስ?
እኛ የከፈልንበትን እሱ በቅናሽ ሊወስደው?»
ሙሕየዲን፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ተራውን የሚጠብቀው፣
ከዱካው ሳይነሳ፦ «ደቻቱ ላይ ድልድይ ሲሠራ
ወንዙ አነሰ እንዴ?»
«ታዲያ በደረቱ ጎርፍ የገመሰና በታክሲ ያለፈ እኩል ያውራ?»
«አያውራ። ይሻገር።»

ወደኔ ዞሩ። ባለቤት ነኝ፤ ፍርድ ከኔ ይጠበቃል።
እኔ የማየው ግድግዳውን ነበር። ከሰል ብዙ ያውቃል።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በረመዳን፣ አንድ ሌሊት፣
መዝጊያውን ጠርቅሜ፣ ዓይኔ ደም ለብሶ፣ ከስንተኛው ሞት
በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ «ቀላል» ላይ ተጫንኩ።
ዘበኛው እንደ ራሰ ካርቶን ወደቀ።
ስሜን ጻፍኩ። ከሰሉ ግን ከጣቴ ቶሎ አልለቀቀ።

ይሄን አልነገርኳቸውም። ማስተካከያውን ከፈትኩ፤
ማናችንም ረግጠነው የማናውቅ ሰፈር ነው፤ ቤት ለቤት ዞርኩ፤
የፊደሉ መጠን፣ ድምፁ በጽሑፍ፣ ለካ ሁሉም እዚያ ነበር።
የመምቻውን ቁልፍ ከቀኝ አንስቼ ወደ ግራ አዛወርኩ፤
ለማምለጫው፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ጨመርኩ።
ጎራዴውን አልነካሁም። ዘበኛው ያው ዘበኛ ነው።

ረምዚ ሞተ።
ደግሞ ሞተ።
በአስራ ሰባተኛው ጭኑን በጥፊ መታና
«የኔ ጥፋት! የኔ ጥፋት ነው! ቸኮልኩ!» ብሎ ጮኸ።
ዘበኛውን በኦሮምኛ ሰደበው፣ በሶማልኛ እናቱን አነሳ፣
በአማርኛ ጨረሰው።
ፊቱ ያን ጊዜ የበራውን መብራት ኃይል ዓመቱን ሙሉ አላበራም።

ሞቱ የራሱ ሆነ።

አንዋር ዱካውን ጠጋ አደረገ፤ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣
«ከሁለተኛው ምት በኋላ ቆይ» አለው፣ «ትንፋሽ እስኪወስድ ድረስ።»

እስካሁን አልጣለውም። ሁለት ሳምንት አልፏል።
ስሜን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጥላው ግን ቀርቷል።
ማንም አልጠየቀኝም። ወይ አላዩም፣ ወይ አውቀው ነው።
የበሩ ቀይ ጽሑፍም አለ፤ በድሬ ዝናብ ማን ያጥበው።
ደግሞስ ምኑ ሐሰት ነው? ቀላል የለም።

ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ረምዚ ከበሩ ይቆማል፤
አስር ብሩን በግራው ዘርግቶ፣
«አንድ ሞት ስጠኝ» ይላል።