አንቀጽ

ፊንላንድ፣ ሳይማ ሐይቅ ላይ፣ ብርዱ መጣና
ውሃውን ግግር አርጎ አስተኛው እንደገና፤
በረዶ ግን የለም። ሰማዩ ባዶ እጁን፣
ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ አዙሯል ፊቱን።
ካውኮ ቲሊካይነን፣ ጢሙ ብርድ አርግዞ፣
ይወርዳል ወደ ሐይቁ አካፋውን ይዞ፤
ከየጥዱ ጥላ፣ ከየድንጋዩ ሥር፣
የተረፈ በረዶ ይቃርማል በስፍር፤
ዳር ዳሩን ከምሮ፣ ጉብታ አሳብጦ፣
ላላያት ወላድ ቤት ይሠራል፣ አጎንብሶ፣ አምጦ።

ኖርፓ ይሏታል እዚያ። የሐይቅ አቆስጣ ናት፣
ጀርባዋ ጸጉር ላይ ቀለበት የታተመባት፤
ድሮ ድሮ ባሕሩ ሲሸሽ መሬት ትቶ
ዘሯ ሐይቅ ውስጥ ቀረ፣ መሄዱን ረስቶ።
በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ ግግሩን ትበሳለች፤
በዚያች እፍኝ ቀዳዳ ክረምቱን ትተነፍሳለች።

አንድ የግንቦት ጠዋት (ዓመቱን አይናገርም)
ካውኮ መረቡን ሲስብ ከበደው፤ ዓሣ አልነበረም።
የሕፃን እጅ መሳይ መቅዘፊያ፣ በናይለን ታስሮ፣
ዓይኑ እንደተከፈተ፣ የሐይቁን አረንጓዴ ቋጥሮ።
መረብ ዓይን አለው፣ በሺህ የሚቆጠር፣
አንዱም ግን አያይም የሚያንቀውን ፍጡር።
ለሚስቱ «አልቀናኝም» ብሎ ሲገባ ማታ
እጁን አሥር ጊዜ ታጠበ፤ የውሃው ሽታ በረታ።

ሕጉ የወጣ ጊዜ ካውኮም ተሳድቧል፤
«ከተሜ ሊያስተምረኝ? ውሃዬን?» ብሎ ፎክሯል።
ኋላ ግን፣ በፀደይ፣ መረቡ ተሰቅሎ፣
ሐይቁን ሲያየው ዋለ ደጁ ቁጭ ብሎ፤
አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ጢማም፣ እንደ ራሱ።
ተያዩ። ጠለቀ። ዝም አለ ነፋሱ።

ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ወንበሩ ሞልቷል፤
«በፀደይ መረብ አይጣል» ከረቂቁ ተሰርዟል፤
«አንቀጽ ሰባት ይሻር» ይላል፣ በጥቁር ቀለም፣
«ኖርፓዎቹ በዝተዋል፤ ከእንግዲህ ሥጋት የለም።»
ያልማሪ ተነሣ፤ የጀልባ ብድር ያለበት፣
ሁለት ልጅ፣ አንድ ሞተር፣ ገና ያልከፈለበት፤
«እኔንስ ማን ቆጠረኝ?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
ማንም አልሳቀም። እውነቱን ነው፤ ከባድ ነው ኑሮ።

ካውኮ ቀስ ብሎ ቆመ። ወረቀት አልያዘም።
«በዝተዋል፤ ልክ ነው። በራሳቸው ግን አይደለም።
በአካፋ ነው የበዙት፣ መረብ ሰቅለን በመቀመጥ፤
ፍሬው ስላማረ ነው ግንዱ የሚቆረጥ?
ለሄልሚ፣ ለሚስቴ፣ እስክትሞት ያልነገርኳት
አንድ የግንቦት ጠዋት አለች። እነሆ ልናገራት።»

ተናገረ።
አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ያልማሪ፣ ልጄ፣ እኔ ዘንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣
አፉ ለኖርፓ የጠበበ፣ ዓሣ ያልከለከለ፤
ና፣ አሳይሃለሁ። ብድርህን ግን ውሃ ውስጥ
አይከፍልልህም አንድ ግልገል ትንፋሹ ሲቋረጥ።»

እኔ ከኋላ ወንበር፣ ማስታወሻዬን ይዤ፣
አንዲት ቃል ላይ ቀረሁ፣ በቋንቋዬ ተይዤ፤
በግዕዙ ዘመን «አንቀጽ» ማለት በር ነበር፤
ኋላ ነው ሕግ የሆነው፣ ወረቀት ላይ ሲሰፍር።
አንቀጽ ሰባት፣ እንግዲህ፣ የእፍኝ ያህል በር ናት፣
ከግግሩ ሥር ያለች እናት አፍንጫዋን የምታወጣባት፤
በብዕር ከተዘጋች፣ ጥፍር አይከፍታት።

ውሳኔው ለመጋቢት ሃያ ተቀጠረ።
በሩ ላይ ያልማሪ ካውኮን ይጠብቅ ነበረ፤
ኮፍያውን እያሻሸ፣ መሬቱን እያየ፣
«ያ ወጥመድ…» አለ፤ «ዋጋው…» ብሎ ዘገየ።
«ስንት ነው?»
ካውኮ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።
ጠብ ያለ በረዶ የለም።