የእህል ሚዛን

ኮምቦልቻ ሲነጋ፣ የመጋዘኑን በር ስከፍት
ይማም ቆሟል፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ሹራብ ደርቦበት።
ከደሴ በእግሩ ሮጦ፣ ሀረጎን ቁልቁል ዞሮ፣
ላቡ ላስቲኩ ውስጥ ወርዶ ካልሲው ላይ ተቋጥሮ።

የማሽላ ከረጢት ለለመደው ሚዛን
እግሩን ቀስ አርጎ ሰጠው፣ እንደሚያስተኛ ሕፃን።
ስልሳ አንድ ከግማሽ። ግማሿ አልወርድ አለች፤
ከሁለት ቀን ጥም በኋላ ከየት ሆና ተረፈች?
ጣሳ ይዞ ጥግ ተቀመጠ፤ እንትፍ፣ እንትፍ ይላል።
ባገራችን ትልቅ ሰው ምራቁን ይውጣል፤
ይማም ግን ትልቅነቱን ጣሳ ውስጥ ይፈልጋል።

ማታ ደሴ ላይ ተመዘኑ።
ያኛው ከሚዛን እንደወረደ ውሃውን መልሶ ጠጣ፤
በነጋታው ለፍልሚያው ሰባት ኪሎ ጨምሮ መጣ።
ወረቀቱ እኩል ናቸው ይላል፤ ጣውላው ግን አላለም፤
ያኛው ሲረግጠው ጮኸ፣ ይማም ሲረግጠው ዝም።

እህሉን በውሃ አርሶ የሚያመጣ ነጋዴ ሲገጥመኝ
ከረጢቱን እመልሳለሁ፣ ማንም አይለምነኝ።
ደርቆ ተመዝኖ ሲያበቃ የሚርስስ ምን ይባላል?
ይማምም ሞክሮት ነበር፤ ሆዱ ግን ውሃውን መልሷል።

በማግስቱ መጣ፣ ዓይኑ አብጦ። ሚዛኑን አላየውም።
ጆጉን ጨለጠው። ስንት እንደሆነ አልጠየቀም፣
እኔም አልመዘንኩትም።