አቤት

ዱሉዝ ከተማ፣ በጥር አጋማሽ፣ ሐይቁ እንደ ሞራ ረግቶ ሳለ፣
ከጋርላንድ ግቢ አንድ ቬላርድ ገዛሁ፤ "እንዲህ ያለ የለም" ስላለ።
ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት፣ መልኩ የረጠበ አመድ፣
ከኋላ ወንበሩ ስንጥቅ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ሰማያዊ የልጅ ጓንት አንድ።
"አንዲት ሴት ነበረች" አለኝ፣ ጥርሱን በክብሪት እየጎረጎረ፣
"እሑድ እሑድ፣ ለጸሎት ብቻ የምትነዳው"፤ ከዚያ በላይ አልተናገረ።
እኔም እንደሚያውቅ ሰው ጎማውን በጫማዬ መታሁ፣
ሦስት ሺህ ዶላር ቆጥሬ፣ ያተረፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

ዳሽቦርዱን ስከፍት፣ ከደረቀ እስክሪብቶ ሥር፣
አራት ደብዳቤ አገኘሁ፣ የታሰረ በላስቲክ ክር።
"ለወይዘሮ ቨርና ላህቲ፣ ወይም ለዛሬው ባለቤት፤
መኪናዎ ለጥገና ተጠርቷል" ይላል፣ ያለ ሐፍረት።
አንደኛው ስለ ኤርባጉ፦ "ሲፈነዳ ብረት ይተፋል፣"
ሁለተኛው ስለ ቁልፉ፦ "ከባድ ነገር ካንጠለጠሉበት ሞተሩ ይጠፋል፣"
ሦስተኛው ስለ ፍሬን ቱቦ፦ "ጨው በሚነሰነስበት አገር ዝገት ይበላዋል፣"
አራተኛው ሦስተኛውን ያስታምማል፦
"ዕቃው ገና አልደረሰም፣ እስኪደርስ ይታገሡ" ይላል።

ትዕግሥት ፔዳል አይደለም፣ በእግር አይረገጥም፤
በዚህ ከተማ ቁልቁለት፣ አንድ ቶን ተኩል ብረት በጸሎት አይቆምም።

የቤተ መጻሕፍቷ ኢንጋ የአቤቱታውን መዝገብ አተመችልኝ፣
ዘጠና ሦስት ገጽ፤ "ወረቀቱን ክፈል" እንኳ ሳትለኝ።
ሌሊት ሥራ ቦታ፣ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ሆድ ሥር ተኝቼ፣
በባትሪ ብርሃን አነበብኩት፣ መፍቻዬን ረስቼ።
ከፔኦሪያ አንዱ፦ "ወንበሩ ሞቆ ሱሪዬን አቃጠለው፤
መኪናው ይቅር፣ ሱሪዬን ማን ነው የሚከፍለው?"
ከቦይዚ ሌላው፦ "ክላክሱ ቀብር ላይ ብቻውን ጮኸ፤
ዘመድ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔስ ምን ልበል፣ ጮኸ!"
ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ።
ቁጥር ስድሳ አንድ ላይ ስደርስ ግን ሳቄን ዋጥሁ።

"ወደ ማዶ ስሻገር፣ ድልድዩ ወገብ ላይ ስደርስ፣
መብራቱ ጠፋ፣ መሪው ደረቀ፣ ሞከርኩ ዳር ለመድረስ።
ልጄ ከኋላ ተቀምጦ ብስኩቱን ይበላል፣
ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፤ እግሬ ባዶ ይወርዳል፤
'ፍሬን!' ብዬ ጮህኩኝ፣ 'ፍሬን!' ማን ይሰማል?
የድልድዩ ብረት ያዘን። ልጁ ደኅና ነው።
በግርግሩ አንድ ጓንቱ ጠፋ፤ ዛሬም የሚጠይቀኝ እሱን ነው።
ለኩባንያው ደወልኩ። ጠብቂ አሉኝ። ይኸው ነው።"

ጓንቱን ከኪሴ አወጣሁ። ሁለት ጣቴ እንኳ አይገባበት።

ተናደድኩ መጀመሪያ፦ "አውቃ ሸጠችው!" አልኩ ለራሴ።
ግን ደብዳቤዎቹን አልቀደደችም፤ አስራ ተወቻቸው፣ ለእኔ፣ ለመሰሌ።
ደግሞ እኔስ? ለዓርብ ማታ ገዢ ቀጥሬ አልነበር?
የኮሌጅ ተማሪ፣ ቀጭን፣ ብሯን በፖስታ የያዘች፤
"አንድ ሰው ነበር፣ ለሥራ ብቻ የሚነዳው" ብላት ታምነኝ ነበር።
ጋርላንድን ለመሆን የቀረኝ ክብሪት ብቻ ነበር።

ልጅቱን መለስኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤
ይህን እስካሁን ራሴን አልወደድኩበትም።

ዕቃው በሚያዝያ ደረሰ። ዳር ዳሩን፣ እንደ ታማሚ ነዳሁት።
ጋራዡ ውስጥ ቡናው ቀጭን፣ ወንበሩ ላስቲክ፤ ወረፋዬን ጠበቅሁት።
መዝገባቸው አልታረመም፤ ጥሪው አሁንም በእሷ ስም ነው።
ወጣቱ ጸሐፊ ብቅ አለ፣ ወረቀቱን እያየው፦
"ቨርና ላህቲ!"
ማንም አልተነሣም።
"ቨርና ላህቲ! የአመዱ ቬላርድ!"
ጺሜ ደረቴ የደረሰ፣ እጄ በግራሶ የጠቆረ፣
ተነሣሁ፤
"አቤት" አልኩት።