ከመቶ አምስቷ

ሰኔ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ አያባራም፣
አዌቱ ሞልቶበት ባጃጁም አይሠራም።
በዚህ ጭቃ መሐል፣ ከስታትስቲክስ ቢሮ
አንድ ደብተር መጣ፣ በፌስታል ታስሮ፤
የመምህር ተማም፣ የተማም አባ ገሮ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማረ፣
ሁለት መቶ ግጥም ሳያሳትም የቀረ።
ልጁ ነው ያመጣው። «ይታተም ብለናል፣
ቀን አልጻፈበትም፣ ተራው ጠፍቶብናል፤
የቱ ቀድሞ የቱ ኋላ እንደተጻፈ
በቁጥር ይወጣል?»

«ይሞከራል» አልኩት።

ደምረው ሰማና ከሥነ ጽሑፍ መጣ፣
ስሙ ደምረው ሆኖ፣ በድምር ሊቆጣ፦
«ቅኔ እንደ በርበሬ ሚዛን ላይ ሊወጣ!
ነገ ደግሞ ለቅሶን በሜትር ልታመጣ!»

ለቅሶውን አልነካሁም።
ጨረቃን፣ ናፍቆትን፣ ሞትን አልቆጠርኩም፤
እነሱን ማንም ሰው ከማንም ይዋሳል።
እኔ የቆጠርኩት ማንም የማያየውን፣
«ግን»ን፣ «እንጂ»ን፣ «ደግሞ»ን፣ «ወደ»ን፣ ትንሽ ትንሹን።
ሰው ፊቱን ያሳምራል፣ ቃሉን ይመርጣል፣
እርምጃው ግን በጨለማም ያጋልጠዋል።

ሐሙስ ሕርማታ ገበያ ማር የምትገዛ ሴት
ጋኑን አትጨርስም፤
በጣቷ ጫፍ ትነካና
«ይሄ የጌራ ጫካ ነው፤
ያኛው ንብ ስኳር ልሷል» ትላለች።
ናሙና ማለት ያ ነው።

አስተየብኩ፤ ቃል በቃል ለኮምፒውተር ሰጠሁ፣
ሦስት ሳምንት ከዝናቡ ጋር ስቆጥር አመሸሁ።
እስከ ገጽ ዘጠና ስድስት፣
ከሺህ ቃል ዘጠኙ «ግን» ነው፤
ሰማይን የሚከስ፣ ከራሱም የሚሟገት ሰው።
ከዘጠና ሰባት ወዲያ «ግን» ሁለት ብቻ ቀረች፣
«እንጂ» ከአንድ ተነስታ ሰባት ደረሰች።
ስንኙም አጠረ።
ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ ለሁለት ተከፈሉ፣
እንደ ቦዬ ወፎች
ገሚሱ ከውሃው ወዲህ፣ ገሚሱ ማዶ ሲውሉ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ።
እርጅና ይሆናል። ሐዘን ይሆናል።
ልጁ ጋ ደወልኩ።
«በዚያ ሰሞን» አለኝ፣ «ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር፤
እሱ እየነገራት እማዬ ናት የጻፈች።»

መንደራ ወረድኩ፣ ጃንጥላዬ ተሰብሮ።
ሉባባ ሲንጀሯ ላይ ተቀምጣ
የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች።
ወረቀቴን ጨርቁ ላይ ዘረጋሁ፤
ሁለቱን መንጋ አሳየኋት።
መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች፣ መልሳ አደረገች።

«እኔ ምን አውቄ! እሱ ነገረኝ እንጂ፤
እኔማ እጁ ነበርኩ እንጂ።
አንዳንዴ ሲደክመው፣ መሐል ላይ ሲያንቀላፋ፣
ቤት እንዳይጎድልበት ደፋሁለት እንጂ...»

ሦስት «እንጂ» በአንድ ትንፋሽ።
ጣቴ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሳላዘው ቆጠረ።

ዝም ተባባልን። ቆርቆሮው ብቻ ያወራል።
«ይሄ ቁጥርህ ግን» አለች፣ «ምን ያህል ያውቃል?»
(«ግን» ያለችው ያኔ ብቻ ነው፤
ከሱ የተዋሰችው ይመስለኛል።)

«ከመቶ ዘጠና አምስት።»
«አምስቷስ የት ገባች?»
«ጥርጣሬ ናት። ሁልጊዜ ትተርፋለች።»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች።
«እንግዲያው እሷን ለተማም ተውለት፤
ሽፋኑ ላይ ለስሙ ትበቃዋለች»
አለችና
የሲንጀሩን ጎማ በመዳፏ ገፋች።