የግራ በር

ከራምላ ወደ ሎድ ሲወጡ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግሮ፣
በቆርቆሮ አጥር የታጠረ፣ ሽቦ በሽቦ ላይ ታስሮ፣
አንድ ሜዳ አለ፤
መኪና እንደ ሰንጋ የሚጣልበት፣
እንደ ቅርጫ በመደብ በመደብ የሚከፈልበት።
ሞተሩ ለአንዱ፣ ካምቢዮው ለሌላው፣
ራዲያተሩ ቀድሞ ለተናገረው፤
ቆዳው ብቻ ዝጎ ሚዛን ይጠብቃል።

ሰማያዊዋን ሱባሩ ይዘን የሄድን ዕለት
የኅዳር ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ አድሮ፣
በተገለበጠ ኮፈን ሁሉ ውሃ ቋጥሮ፣
ድንቢጥ ይጠጣበት ነበር።
አባቴ ኮት ለብሷል፣ የሰርግ ኮቱን።
«አባ፣ ግሪስ ነው እኮ ቦታው» ብለው፣
«ሊሸኝ የሚሄድ ሰው በሥራ ልብስ ነው?» አለ።

ሃያ ሦስት ዓመት።
በዶሮ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ሼቄል በሼቄል ላይ አጠራቅሞ የገዛት፣
አምስት ልጅ፣ ሁለት አማች፣ አንድ ፍሪጅ የጫነባት፣
እናቴን ምጥ ሲይዛት ቀይ መብራት የጣሰባት
(አንዴ ብቻ፤ እስከ ዛሬም ይጸጽተዋል)፣
ዘንድሮ ቴስት ላይ ወደቀች፤
በፍሬን፣ በጭስ፣ በሻንሲ።
«ከዋጋዋ ማደሻዋ ይበልጣል» አለ መርማሪው፣
ቀና ብሎም ሳያያት።

የሜዳው ጌታ ሻልቫ ይባላል፣ ጆርጂያዊ ነው።
ዞራት። ጎማዋን በእግሩ ነካ።
ከብት ነጋዴ ቢሆን ጥርሷን በቆጠረ።
«ስምንት መቶ።»
አባቴ ዝም።
«ዘጠኝ መቶ። መቶው ለኮትህ።»
አባቴ ሳቀና ፈረመ፣ በአማርኛ፤ ስጦታው ፈረደ።
ሻልቫ ወረቀቱን አዟዙሮ
ስሙ ከየት እንደሚጀምር ፈለገ።

ከመሳቢያዋ ፕላስ አወጣ፣ መነጽር አወጣ፣
የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አወጣ፣
አሸተተው፣ ኪሱ ከተተው።
ከዚያ የግራውን በር፣ እንደ ልማዱ፣
ከእጀታው ሥር ይዞ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ገፋ፤
ገጠመ።

ያ በር የኔ ነው። ማለቴ፣ ጉድጓዱ።
ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቢስክሌት፣ ቁልቁለት፣
ፍሬን የሚባል ነገር የት እንዳለ ጠፍቶኝ።
እያለቀስሁ የተጎዳውን ብረት ሳሳየው፣
«ብረቱን ተወው፣ ጉልበትህን አሳየኝ» ያለኝ ነው።
ከዚያ ወዲህ በሩ ተዛብቶ፣ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም።
ቀጥቃጭ ጋ አልወሰደውም።

ከፋሲካ በኋላ ለራሴ ማዝዳ ስፖኪዮ ፍለጋ ተመለስሁ።
ሻልቫ መዝገብ የለውም፣ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤
«ሦስተኛው ረድፍ፣ ከተቃጠለው አውቶቡስ ጀርባ።»
መፍቻ በኪስ፣ ዓይን በመሬት፣ ጭቃ በቁርጭምጭሚት።
የሕፃን ጫማ ያለበት ወንበር፣
አሸዋ ያለበት ምንጣፍ፣
የየትኛው ባሕር ዳር እንደሆነ የማይናገር።
ስፖኪዮውን አገኘሁ። እሷንም።
ዓይኗ ወጥቷል፣ ሆዷ ባዶ፣ ግራ ጎኗ ክፍት።
«በሩስ?»
«አንድ ልጅ ወሰደው» አለ ሻልቫ፣ «በሦስት መቶ።»

ትናንት ከገበያው መስቀለኛ ላይ መብራት ይዞኝ
በቀኜ ነጭ ሱባሩ መጣ፣ በሩ ሰማያዊ።
ጉድጓዱ እዚያው፣ ልክ እንደ እምብርት።
ልጁ ከፈተው፣ ዘጋው፤ አልገጠመም።
ደግሞ ዘጋው። ተሳደበ። ሦስተኛውን በኃይል ወረወረው።
መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ፣ አፌን ከፈትሁ፤
ከኋላ ጥሩምባ። አረንጓዴ።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት፣
ደስ የሚለው መስሎኝ።
«ታዲያ አልነገርኸውም?» አለ።
«መብራቱ ለቀቀ እኮ፣ አባ።»
ዝም አለ። ቆየ።
ቆይቶ እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ፣
አየሩን ከሥሩ ይዞ ትንሽ ከፍ፣
ከዚያ ገፋ።