የሊፍቱ ልጅ

ስምንተኛ ፎቅ ነኝ፤ ጉልበቴ የከዳኝ፣
ደረጃውን ሳየው ገና ከታች የሚደክመኝ።
በግልዳኒ ሠፈር፣ ከትብሊሲ ዳር፣
ሕንጻችን ያረጀ፣ ሊፍታችን ሳንቲም የሚቆጥር፤
ሃያ ቴትሪ ጎርሶ ሦስተኛ ላይ የሚያርፍ፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን በጸሎት የሚያልፍ።

ሺዮ ሲመጣ ገና ሃያ ሁለት ነበር ዓመቱ፣
ከኦታሪ ኋላ ኋላ፣ ግሪስ በሸሚዙ አንገቱ።
«ሥራህ ይሄ ነው?» አልኩት፤ አየኝና ዞረ፣
«ሌላ እስካገኝ ድረስ» ብሎኝ አቀረቀረ።

እኔም ምክር አላጣ፣ መምህር ነበርኩና፣
«ሕግ ተማር» አልኩት፣ «ወይ ሂድ ወደ ቪየና፤
እጅህ ሳይጠቁር፣ ወገብህ ሳይጎብጥ፣
ወንበር ያለው ሥራ ፈልግና ተቀመጥ።»
ሰው ለሰው ከሚሰጠው ሁሉ ርካሹ ምክር ነው፤
ያን ቀን ግን ትልቅ ዕዳ የከፈልኩ መሰለኝ እኔው።

የፈቃድ ፈተናው አንዴ ጣለው በመጸው፣
ደግሞም በጸደይ ጣለው፤ ሦስት ነጥብ ነው ያነሰው።
አባቱ ከኩታይሲ ደወለ፦ «በቃ፣ ና ቤት፤
ወንድምህ መኪና ያጥባል፤ ይሻላል ከዚያ ብረት።»

እውነቱን ልናገር፤
ያሰባሰበን ፍቅር አልነበረም፤ የሊፍቱ ነገር ነበር።
ሊፍቱ ሲቆም ማክቫላ ድንቿን በገመድ ነው የምትስበው፣
የአራተኛው ሕፃን ጋሪ ደረጃ ላይ ነው የሚያድረው፣
እኔም መስኮቴ ላይ ሆኜ አላፊውን ነው የምቆጥረው።
ለራሳችን ብለን ነው፤ እንዲያ ነው የጀመረው።

ታክሲ ነጂው ዙራብ «እኔ አደርስሃለሁ» አለ፣
«ለፈተናህ ቀን ሒሳብ በእኔና በአንተ መሃል የለ።»
ፒክሪያ የሟች ባሏን መጽሐፍ ከቁም ሣጥን አወረደች፣
አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ምንም ሳትል ሄደች።
እኔ ቀመር አስተማርኩት፣ ማክሰኞና ዓርብ ማታ፣
በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ፣ በሾርባ ሳህን ፋንታ።
ሲሳሳት እርሳስ ይሰብራል፤ አራት ሰበረ በመጋቢት፤
አምስተኛውን አቀበልኩት፤ ቃል አልጨመርኩበት።

ኦታሪ ግን አንድ ሌሊት ወደ ጉድጓዱ አወረደው፣
ባትሪውን ሽቅብ አብርቶ የተንጠለጠለውን ብረት አሳየው፦
«ሞተሩ ብቻውን ሰው ያወጣ መስሎሃል?
ያ ብረት ቁልቁል ሲል ነው ሰው ሽቅብ የሚል።
ቁልፍ የለው፣ መስታወት የለው፣
ግድግዳ ውስጥ ነው ኑሮው።»
(ይህን የነገረኝ ሺዮ ነው፤ ኦታሪ ይህን ያህል አያወራም፤
ግማሹን ልጁ ጨምሮበት ይሆናል፤ አልፈርድም፣ አላማም።)

የሦስተኛው ፈተና ዕለት ዝናብ ነበር።
አለፈ።
በስንት እንደሆነ አልነገረንም፤ ወረቀቱን አጠፈ።

ሊፍቱ ግን፣ ይግረማችሁ፣ ዛሬም ሦስተኛ ላይ ያርፋል፤
ሃያውን ይበላል፤ ሰውም በሩን በጡጫ ይገፋል።
ትናንት ግን አንዲት ሕፃን፣ ከአምስተኛ ፎቅ መጥታ፣
«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው፣ መፍቻዎቹን አይታ።
እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጊዜ ወሰደበት።
«ሥራዬ…» ብሎ ጀመረ፤
የቀረውን አልሰማሁም፤
እዚያች «ዬ» ላይ ቀርቼ፣ ጉልበቴን ረስቼው፣
ደረጃውን በእግሬ ወጣሁት፣
እስከ ሁለተኛ ፎቅ።
ከዚያ ተቀምጬ
ሊፍቱን ጠበቅሁት።